አምበር ምሽግና የእኛው ማሊክ አምበር

ጥያቄ፦ «አባቴን ለሕክምና ዴልሂ ወስጄ ሁለት ወር ያህል ቆየን። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን እረፍት ሲሰጡን ጃይፑር ሄደን አምበር ምሽግን ጎበኘን። አብሮን የነበረ አንድ የአገራችን ተማሪ፣ ምሽጉ በማሊክ አምበር ስም የተሰየመ እንደሆነ ነገረን። አባቴ በጣም ደስ ብሎት ሐውልቱን ሲፈልግ ዋለ። እውነት ነው? ደግሞስ ምሽግ ይባላል እንጂ እኔ ያየሁት መስተዋት፣ አበባና የውሃ ቦይ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ተዋግተው ያውቃሉ?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ለአባትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የስሙን ነገር ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሐውልቱን ሲፈልጉ የዋሉበት ደስታ ክቡር ነው። ነገር ግን ምሽጉ ከአገራችን ለባርነት ተሸጦ በህንድ የጦር መሪ በሆነው በማሊክ አምበር ስም አልተሰየመም። የሁለቱ ስሞች መመሳሰል የአጋጣሚ ነው። ሆኖም አባትዎ ፍጹም በባዶ ሜዳ አልፈለጉም። ማሊክ አምበርና የዚያ ምሽግ ጌቶች በእርግጥ ይተዋወቁ ነበር፤ የተዋወቁትም በጦር ሜዳ፣ በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቦታው «አምበር» ወይም የአገሩ ሰዎች እንደሚጠሩት «አሜር» መባል የጀመረው ማሊክ አምበር ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የስሙ ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ አምባ ከምትባለው እናት አምላክ ያመጣዋል፤ ሌላው በከተማው ውስጥ ካለው የአምቢኬሽዋር ቤተ መቅደስ፤ የነገሥታቱ የዘር ሐረግ ቆጣሪዎች ደግሞ አምባሪሻ ከሚባል የአዮዲያ ንጉሥ። (በአማርኛ «አምባ» የምንለው የተራራ ምሽግ ከዚህች «አምባ» ጋር መገጣጠሙ ጆሮ ይስባል፤ የሥር ዝምድና ግን የላቸውም። የእነርሱ አምባ ትርጉሟ «እናት» ነው።) የማሊክ አምበር ስም በአንጻሩ ዐረብኛ ነው፤ ከዓሣ ነባሪ የሚገኘው ውድ የሽቱ ቅመም መጠሪያ። በዚያ ዘመን ለባርነት የተሸጡ ልጆችን በሽቱና በዕንቁ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ቻፑ እንደነበረ ይነገራል። ስለዚህ በአንዱ ስም ውስጥ እናት አምላክ አለች፣ በሌላው ውስጥ የገበያ ዋጋ አለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልግባ፤ ምክንያቱም ዋናው እርሱ ነው። ብዙ ጎብኚ የማይጠይቀውን ጠይቀዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አምበር ካችዋሃ የሚባለው የራጅፑት ነገድ መናገሻ ነበር፤ ራጅፑቶች የሰሜን ምዕራብ ህንድ ተዋጊ መሳፍንት ናቸው። እንደ ትውፊታቸው ቦታውን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሚና ከሚባለው ነባር ሕዝብ ወሰዱት። ለረጅም ጊዜ ግን ካችዋሃዎች ትንሽ መሳፍንት ነበሩ። ሌሎቹ ራጅፑቶች፣ የሜዋር ነገሥታት፣ በቺቶርና በኩምባልጋር ታላላቅ ምሽጎች ላይ ተቀምጠው ስማቸው ሲገን፣ የአምበር ጌቶች በሁለት ሸንተረሮች መካከል ተሸጉጠው ከጎረቤት ጋር ይነታረኩ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ1562 ነው። የአምበሩን ራጃ (ንጉሥ) ባርማልን አንድ የሙጋል፣ ማለትም የሰሜን ህንድ ገዥ የነበረው የእስላም ሥርወ መንግሥት፣ አገረ ገዥና ዙፋኑን የሚፈልግ የገዛ ዘመዱ አንድ ላይ ሲያስጨንቁት፣ በቀጥታ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አክባር ሄደ፤ ልጁንም ዳረለት። አክባር ሃይማኖትሽን ለውጪ አላላትም። እርሷም በ1569 ኋላ ጃሃንጊር ተብሎ የነገሠውን ልጅ ወለደች።

ይህ ጋብቻ የድንጋዩን ዕጣ ፈንታ ወሰነ ብል አላጋንንም። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1568፣ ለአክባር አልገብርም ያለው ቺቶር ከወራት ከበባ በኋላ ወደቀ። ሴቶቹ ራሳቸውን በእሳት አቃጠሉ፣ ወንዶቹ በር ከፍተው ወጥተው አለቁ፣ በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ ተጨፈጨፈ። የቺቶር ቤተ መንግሥቶች ዛሬ ፍርስራሽ ናቸው። የአምበር መሳፍንት ያን ጊዜ ከከባቢዎቹ ጋር ነበሩ። በ1576 ደግሞ የባርማል የልጅ ልጅ ማን ሲንግ የአክባርን ሠራዊት እየመራ በሃልዲጋቲ የሜዋሩን ማሃራና ፕራታፕ ገጠመ። ራጅፑት በራጅፑት ላይ ማለት ነው። ዛሬም በራጃስታን ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አንዱ ጥበብ ይለዋል፣ ሌላው ክህደት። ፍርዱን ለእነርሱ እተዋለሁ። እንደ ሕንፃ ባለሙያ ግን ያለ ጥርጥር የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ እርስዎ ያዩት መስተዋት፣ አበባና የውሃ ቦይ የዚያ ምርጫ ውጤት ነው። ከበባን የሚጠብቅ ሰው በር ያጠናክራል፣ ጎተራ ይሠራል። የንጉሠ ነገሥቱ አማች የሆነ ሰው ግን እንግዳ መቀበያ ይሠራል።

ማን ሲንግ አሁን የሚታየውን ቤተ መንግሥት ያስጀመረው በ1592 ነው። በዚያው ዘመን እርሱ ራሱ ከአገሩ ርቆ በምሥራቅ ህንድ ኦሪሳን ለአክባር ያስገብር ነበር፤ ቀጥሎም የቤንጋል ገዥ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ካቡልን አስተዳድሯል። የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል በዘመቻ ያሳለፈ ሰው ነው። ቤቱ ግን ያየውን ሁሉ ይመስላል። ዝናብ የሚበዛበት የቤንጋል የገጠር ጎጆ የቀርከሃ ጣሪያው ውሃው ቶሎ እንዲወርድ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ነው። ያ ቅርጽ በሙጋሎችና በራጅፑቶች ሕንፃዎች ላይ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ የሚታይ የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኗል። ዝናብ ብርቅ በሆነበት ራጃስታን ላይ የቀርከሃ ጎጆ ጣሪያ በድንጋይ ሲሠራ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

የማን ሲንግ ቤት አሁን አራተኛው ግቢ ነው፤ በ1599 ተጠናቀቀ። ጎብኚ መጨረሻ ላይ ደክሞት ስለሚደርስ አብዛኛው ቸኩሎ ያልፈዋል፤ እርስዎም ይህን አድርገው ከሆነ አልወቅስዎትም። በመካከሉ ክፍት የሆነ ባለ ዓምድ ሰገነት አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የንጉሡ ሚስቶች መኖሪያ። 12 ሚስቶች፣ 12 የተለያዩ መኖሪያዎች፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደረጃ አላቸው። የንጉሡ መተላለፊያ የተሠራው ወደ አንዷ ሲገባ ሌሎቹ እንዳያዩ ተደርጎ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ጌጡ ቁጥብ ነው። ያ ግቢ ገና ምሽግ ምሽግ ይሸታል። ከዚያ ተነስተው በኋለኛው ዘመን ወደተሠሩት የፊት ግቢዎች ሲራመዱ የቤቱ ፍርሃት እየቀነሰ ሲሄድ በዓይን ይታያል።

እነዚያን የፊት ግቢዎች የሠራው ቀዳማዊ ጃይ ሲንግ ነው፤ ከ1621 እስከ 1667 ገዛ፣ ዙፋን ላይ ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የገቡበትን መንገድ አሁን በልብዎ ይከተሉ። መጀመሪያ በፀሐይ በር በኩል ወደ ሰፊው የሠራዊት አደባባይ፤ ድል ያደረገ ጦር ሲመለስ ሰልፍ የሚያሳየው እዚያ ነበር። ከዚያ በጠባቡ ደረጃ ወደ ሁለተኛው ግቢ፣ ንጉሡ ሕዝብ አቤት ሲል ወደሚሰማበት ክፍት አዳራሽ። በአጠገቡ 27 ዓምዶች ያሉት የጸሐፊዎችና የገንዘብ ሹሞች ሥፍራ አለ። በአዳራሹ ዓምዶች አናት ላይ የዝሆን ራሶች ተቀርጸዋል። የአገሩ ሰዎች አንድ ታሪክ ይነግራሉ፤ የቀይ ድንጋይ ዓምዶቹ ውበት ንጉሠ ነገሥቱን እንዳያስቀና ራጃው በፍጥነት በነጭ ልስን አስለበጣቸው ይላሉ። ታሪኩ አፈ ታሪክ ነው። ነገር ግን ጥሩ አፈ ታሪክ ነው፤ የዚህን ቤት አቋም በአንድ ሥዕል ይነግረናል፤ መበልጸግ ይቻላል፣ ከአለቃ በላይ መታየት ግን አይቻልም።

ከዚያ ቀጥሎ በ1640 የተሠራው የጋኔሽ በር ነው፤ በሥዕል የተንቆጠቆጠው፣ እርስዎም ሳይወዱ በግድ ፎቶግራፍ ያነሱት። አሁን ልብ ይበሉ፦ በር ማለት በምሽግ ሥራ ውስጥ ጠላት የሚሞትበት ቦታ ነው። መንገዱ ይታጠፋል፣ ዝሆን ተንደርድሮ እንዳይመታው ይደረጋል፣ መዝጊያው ላይ የብረት ሹል ይተከላል፣ ከላይ የፈላ ዘይት ማፍሰሻ ይተዋል። የጋኔሽ በር አንዱም የለውም። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በአበባ የተሣለ ነው። ከላይ የወንጭፍና የጠመንጃ ቀዳዳ ሊኖር ይገባው በነበረበት ቦታ፣ ከእብነ በረድ የተፈለፈለ ጥልፍልፍ መስኮት አለ፤ ሴቶቹ ሳይታዩ የአደባባዩን ሥነ ሥርዓት የሚመለከቱበት። መልስዎ ይኸው ነው። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ጦርነት አልተደረገም፤ እንዲደረግም ታስቦ አልተሠሩም።

ታዲያ ምሽጉ የት ነው? ቀና ይበሉ። ከቤተ መንግሥቱ በላይ፣ የንስሮች ኮረብታ በሚባለው ሸንተረር ላይ ጃይጋር አለ። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ከታች ሰውነቱ፣ ከላይ ክንዱ። በመካከላቸው በክፉ ቀን ቤተሰቡ ወደ ላይ የሚሸሽበት መተላለፊያ ተሠርቷል። ጃይጋር አሁን ያለውን መልክ በዋናነት ያገኘው በዳግማዊ ጃይ ሲንግ ጊዜ በ1726 ገደማ ነው። ባዶ ግድግዳ፣ የጥበቃ ማማ፣ የመሣሪያ ማከማቻና የመድፍ ማቅለጫ አለው። በዚያ ማቅለጫ በ1720 ጃይቫና የተባለው መድፍ ተሠራ፤ አፈሙዙ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ክብደቱ ወደ 50 ቶን ይገመታል፤ በመንኮራኩር ላይ ከተጫኑ የዘመኑ መድፎች ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ለሙከራ አንድ ጊዜ ከመተኮሱ በቀር በጦርነት ላይ አልዋለም። በዙሪያው ሸንተረር ላይ ደግሞ እንደ እባብ የሚጠማዘዘውን የከተማውን ቅጥር አይተዋል። ጠላት ሲመጣ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከደረሰማ ነገሩ አልቋል።

ይህ የሥራ ክፍፍል ነው አምበርን ከሌሎቹ የራጃስታን ተራራ ምሽጎች የሚለየው። በ2013 ዩኔስኮ ስድስት ምሽጎችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፦ ቺቶርጋር፣ ኩምባልጋር፣ ራንታምቦር፣ ጋግሮን፣ ጃይሳልሜርና አምበር። ኩምባልጋር ቅጥሩ ብቻ 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል ይባላል፤ ጃይሳልሜር ውስጥ ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖራሉ። ከስድስቱ ውስጥ ምቾት ከጥንቃቄ በልጦ የሚታየው በአምበር ነው።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝን ልንገርዎ፤ ውሃውን። ከቤተ መንግሥቱ ሥር ያለው ማዎታ ሐይቅ ተገድቦ የተሠራ ነው። ውሃው ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ነበር፤ በተራራው ጎን ላይ በየእርከኑ ገንዳ አለ፣ በየገንዳው ላይ የሸክላ ማሰሮ የታሰረበት መንኮራኩር ይቆማል፣ አንዱ ያወጣውን ሌላው ይቀበላል። የእርከኖቹ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ውሃው ላይ ሲደርስ ሥራው አላለቀም። ከመስተዋቱ ቤት ትይዩ ያለውን የበጋ እልፍኝ ያስታውሳሉ? በሮቹ ከሰንደል እንጨትና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ናቸው። በጀርባ ግድግዳው ላይ የተቀረጸ ነጭ እብነ በረድ አለ፤ ውሃ በላዩ ላይ በስሱ ይፈስስ ነበር፣ ነፋስ ደግሞ በጥልፍልፉ በኩል እየገባ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ያልፋል። አየሩ ቀዝቅዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። ያው ውሃ በወለሉ ቦይ አልፎ ወደ አትክልቱ ይወርዳል፤ በኮከብ ቅርጽ የተሠራውን ገንዳ ይሞላል፣ ተክሉን ያጠጣል። አንድ ውሃ ሦስት ሥራ ይሠራል። በሰኔ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት አገር ይህ ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ከዛሬዎቹ መሐንዲሶች ብዙዎቹ የረሱት እውቀት ነው።

ላይ ጃይጋር ላይ ደግሞ ሌላ አመክንዮ አለ። እዚያ ውሃ ከታች አይቀዳም፤ ከሸንተረሩ የሚወርደው የክረምት ዝናብ በቦይ ተመርቶ በየመንገዱ ደለሉን እየጣለ በግዙፍ ጕድጓዶች ይጠራቀማል። ሐይቁ በጠላት እጅ ቢወድቅ ታች ያለው ቤተ መንግሥት ይጠማል፣ ላይ ያለው ምሽግ ግን አይጠማም። ምሽግና ቤተ መንግሥት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከግድግዳው ውፍረት ይልቅ ውሃውን ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቁ።

ስለ መስተዋቱ ቤት ጥቂት። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ቁርጥራጮች ጠፍጣፋ እንዳልሆኑ አስተውለው ይሆናል። ብርጭቆው እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ ውስጡ የመስተዋት ቅብ ተቀብቶ፣ ከዚያ ተሰብሮ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎበጥ ያለ ነው። ጎባጣ መስተዋት ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ አይመልስም፣ ይበትነዋል። በአንዲት ሻማ ክፍሉ በሙሉ በከዋክብት የተሞላ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኔ ግን ከመስተዋቱ ይልቅ በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ነጭ ግድግዳ ይበልጣል። አራይሽ ይባላል። ሙያዬ የጥንት ሕንፃዎችን መጠገን ስለሆነ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ኖራው ከተቃጠለ በኋላ በውሃ ተዘፍዝፎ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀመጣል፤ እርጎና ጥቁር የሸንኮራ ስኳር ይገባበታል። ልስኑ በላይ በላዩ ይደረባል፤ የመጨረሻዎቹ ስስ ቅቦች ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር የተለወሱ ናቸው። ሳይደርቅ በለስላሳ የከበረ ድንጋይ ይታሻል፣ ይታሻል፣ ይታሻል፤ በመጨረሻም የኮኮነት ዘይት ይነካዋል። እጅዎን ሲያሳርፉበት እንደ እብነ በረድ ይቀዘቅዛል። ከዚህም በላይ ያ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያወጣል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የለጠፈ ሰው ቅርሱን ጠገንኩ ይበል እንጂ አፍኖታል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ይህን ስሕተት በብዙ አገር አይቻለሁ፣ በእኛም አገር አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

የእኛን አገር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ እውነተኛ ድልድይ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ ግንበኛ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እንዳገኘ የዘመኑ የኢየሱሳውያን ጽሑፍ ይመሰክራል፤ የጎንደር ግንቦችም ከዚያ በኋላ በኖራ ተሠሩ። ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲለደስና የአምበሩ ጃይ ሲንግ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያረፉት በ1667 ነው። ፋሲለደስ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ልከዋል፤ ጃይ ሲንግ ያን ጊዜ የዚያው ንጉሥ ጦር አዛዥ ነበር። የጎንደርን ግንብ የአምበር ሰዎች ሠሩት ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። አይደለም። የኖራ እውቀት ግን ባሕር ተሻግሯል።

የአምበር ዘመን ያበቃው በጦርነት አልነበረም። ዳግማዊ ጃይ ሲንግ በ1727 ከ11 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ በቀጥታ ጎዳናዎች የተከፋፈለውን ጃይፑርን ቆረቆረና መናገሻውን አዛወረ። ሕዝቡ በዝቶ ነበር፣ ውሃው አልበቃም፤ ተራራ ላይ መቀመጥ የሚያስገድድ ፍርሃትም አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ሳይቃጠልና ሳይፈርስ የቀረው ለዚህ ነው። በሠራዊቱ አደባባይ አጠገብ ያለው የሺላ ዴቪ ቤተ መቅደስ ግን አልተተወም፤ ማን ሲንግ ከቤንጋል ያመጣት የጥቁር ድንጋይ ምስል ዛሬም በየቀኑ ትመለካለች።

ወደ ማሊክ አምበር ልመለስ፤ ቃሌን አልረሳሁም። በ1548 ገደማ በአገራችን ተወልዶ፣ በሞካና በባግዳድ ተሸጦ ደቡብ ህንድ የደረሰው ይህ ሰው፣ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የሙጋሎችን ጦር ለሩብ ክፍለ ዘመን አስጨነቀ። ጃሃንጊር ከመብሸቁ የተነሳ የማሊክ አምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሥሏል፤ በእውነቱ ግን ያን ራስ አላገኘውም። እርሱን ሊወጉ ወደ ደቡብ ከተላኩት መካከል የአምበሩ ማን ሲንግ አንዱ ነበር፤ በዚያው በደቡብ ግንባር ሳለ በ1614 በአቻልፑር ሞተ። የመስተዋቱን ቤት ያሠራው ጃይ ሲንግም ገና በልጅነቱ ከተላከባቸው ዘመቻዎች አንዱ በማሊክ አምበር ላይ ነበር። የአምበር ጌታና ጌታው አምበር፣ በአንድ ሜዳ ላይ።

አባትዎ ለክትትል ወደ ህንድ የሚመለሱ ከሆነና አቅማቸው ከፈቀደ፣ ቀጣዩን ጉዞ ወደ አውራንጋባድ ያድርጉት፤ ዛሬ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ይባላል። ያን ከተማ በ1610 ኪርኪ ብሎ የቆረቆረው ማሊክ አምበር ራሱ ነው። ከመሬት በታች ያስቆፈረው የውሃ መስመር «ናህር አምበሪ» ተብሎ በስሙ ይጠራል። በ1612 በሙጋሎች ላይ ላገኘው ድል ያቆመው ባድካል በርም በከተማው መካከል አለ፤ ከፍ ያለ፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ በወፍራም ምሰሶዎች ላይ የቆመ። መቃብሩ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በኩልዳባድ ይገኛል። ሐውልት እዚያም አያገኙም፤ በሩን ግን አባትዎ በእጃቸው ሊዳስሱት ይችላሉ።